እንከኑን ያልደበቀ እጅ

ከታች ወርቃማ ቡናማ፣ ወገቡ ላይ አንዲት ቀጭን የጠቆረች መስመር፣ ከእሷ በላይ ፈዛዛ ቢጫ፣ ቀጥሎ ደብዘዝ ያለ ቀይ፣ እንደገና ወርቃማ ቡናማ፣ ከንፈሩ ላይ ደግሞ ጠቆር ያለ ቡናማ። ጎድጓዳው ሳህን ሲታይ መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው ይህ የቀለም አደራረብ ነው። ቀለም ግን አልተቀባም። ወርቃማው ዋንዛ ነው፣ ቢጫው ዝግባ፣ ቀዩ ጥድ፣ ጠቆር ያለው ወይራ። አራቱም እንጨቶች በተፈጥሮ መልካቸው ቆመዋል።

አፉ 26 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ቁመቱ 9 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ የግድግዳው ውፍረት ከ6 ሚሊ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ገበቴ እንደሚሠራው ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ አልወጣም። 85 ቁራጮች ተለክተው፣ ተቆርጠውና በኮላ ተያይዘው በቶርኖ ላይ እየተሽከረከሩ የተቀረጹ ናቸው። 12 ቁራጮች አንድ ቀለበት ይሠራሉ፤ 7 ቀለበቶች ይደራረባሉ፤ ከሥር አንድ ክብ መቀመጫ ይገባል። የሠሩት ሰው አዲስ አበባ ውስጥ በርና መስኮት የሚሠሩ በዕድሜ የገፉ አናጺ ናቸው። ሳህን የሚሠሩት ገበያ ሲቀዘቅዝ ነው፤ እንጨቱም ከበርና ከመስኮቱ የተረፈው ቁርጥራጭ ነው።

ይህን ሳህን አገላብጬ ባየሁት ቁጥር ሐሳቤ እንከኖቹ ላይ ያርፋል። አሉት፤ ጥቂትም አይደሉም። «የእጅ ሥራ አይደል» ብሎ ሁሉንም በአንድ ቃል ማለፍ ግን ሠሪውንም ሥራውንም ማሳነስ ይመስለኛል። ከእንከኖቹ አንዱ የእንጨቱ ነው፣ አንዱ የአየሩ ነው፣ አንዱ ሠሪው አስበው የተዉት ነው፣ አንዱ ደግሞ ማመካኛ የሌለው ስሕተት ነው። እነዚህን ለይቶ ማየት ያልቻለ ሰው የሙያውን ልክ ሊያውቅ አይችልም።

ከእንጨቶቹ ልጀምር።

ዋንዛ የአገራችን አናጺ የሚወደው እንጨት ነው። ከባድ አይደለም፣ ለመጋዝም ለመሮም ይታዘዛል፣ ሲደርቅ ብዙም አይጣመምም። በርና መስኮት፣ ቁም ሣጥንና አልጋ፣ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ፣ የብራና መጽሐፍ ገበታ ከእሱ ይሠራል። የሳህኑ መቀመጫ፣ ከታች ያሉት ሁለቱ ቀለበቶችና ከከንፈሩ ሥር ያለው ቀለበት ዋንዛ ናቸው፤ ክብደቱን የተሸከመውም ቅርጹን የያዘውም እሱ ነው ማለት ነው።

የወይራ ጠባይ ሌላ ነው። ከባድ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ መጋዝ የሚያደነዝዝ እንጨት ነው። ዱላና ዘነዘና፣ የመጥረቢያ እጀታ የሚሆነውም ስለዚህ ነው። እዚህ ሁለት ቦታ ብቻ ገብቷል፦ ወገቡ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባላት ቀለበትና ከንፈሩ ላይ። ከሳህን አካል ሁሉ አብዝቶ የሚመታው ከንፈሩ ነው። ማንኪያ ይነካዋል፣ ከሌላ ዕቃ ጋር ይጋጫል፣ ሳህኑ ከእጅ ቢያመልጥ ቀድሞ ወለሉን የሚያገኘው እሱ ነው። ጠንካራው እንጨት እዚያ የተቀመጠው በሐሳብ ነው። የወገቡ ቀለበት ግን እንዲህ ያለ ሥራ የለውም። ቅርጹ ከመቀመጫው ወደ ላይ መከፈት የሚጀምረው እዚያ ላይ ስለሆነ፣ ያች ጥቁር መስመር ዓይን መታጠፊያውን እንዲያገኘው ታደርጋለች።

ዝግባ ፈዛዛና ወጥ ነው፤ የዕድገት ቀለበቱ በዓይን አይለይም። በወይራና በጥድ መሐል የገባው ሁለቱ ብርቱ ቀለሞች እንዳይሻሙ ነው። ጥድ ደግሞ ልቡ ቀይ ነው፣ ጠረንም አለው። ፊትን ወደ ሳህኑ ጠጋ ሲያደርጉ የሚሸተው እሱ ነው። አናጺው ጥዱን በአንድ ቀለበት የወሰኑት ለቀለሙ ብቻ ብለው አይደለም። ጥድ ሲበዛ የሚቀመጥበትን ነገር ያሸተዋል፤ ቆሎ ወይም ዳቦ የሚቀርብበት ዕቃ የጥድ ጠረን ሊሰጠው አይገባም።

እነዚህ እንጨቶች ቁርጥራጭ መሆናቸው ትልቅ ነገር ነው። ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ ከኮሶ ጋር በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ በስማቸው ጠርቶ የጠበቃቸው ዛፎች ናቸው። አዋጁ በኋላ በሌላ ቢተካም፣ እነዚህ ዛፎች ለጣውላ እስኪደርሱ የሚወስዱት ዐሥርተ ዓመታት አላጠሩም። ከንፈሩ ላይ ያሉት ቁራጮች ርዝመታቸው 7 ሳንቲ ሜትር አይሞላም፤ ከታችኛው ቀለበት ያሉት ደግሞ ከ3 ሳንቲ ሜትር እምብዛም አያልፉም። እንዲህ ያለ ቁራጭ በር አይሆንም፣ መስኮት አይሆንም፤ ብዙ ጊዜ ዕጣው ምድጃ ነው። አንድ ሰው ተቀምጦ ከማገዶው ክምር ውስጥ ቀጥ ያለውን፣ የደረቀውን፣ ያልተሰነጠቀውን እየለየ ማስቀመጡ በራሱ የሙያው መጀመሪያ ነው።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ስሌት ነው። 12 ቁራጮች ሞልተው ክብ እንዲሆኑ የእያንዳንዱ ቁራጭ ሁለቱም ጫፎች በ15 ዲግሪ መቆረጥ አለባቸው። 24 ጫፎች በ15 ሲባዙ 360 ይሆናሉ። ችግሩ ስሕተትም አብሮ መባዛቱ ነው። መጋዙ ከዲግሪ አንድ ዐሥረኛ ያህል ቢያዘነብል አንድ መጋጠሚያ ላይ ማንም አያየውም። 24 ጊዜ ሲደመር ግን 2.4 ዲግሪ ይሆናል፤ ይህን በሚያህል ሳህን አፍ ላይ ደግሞ ከ5 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ክፍተት ይከፍታል። ክፍተቱን በማሰሪያ አጥብቆ በግድ መዝጋት ይቻላል፤ ነገር ግን ቀለበቱ ውጥረቱን ይዞ ይኖርና አንድ ቀን በገዛ ራሱ ይፈነዳል።

ሙያተኞች ለዚህ መላ አላቸው። ክቡን በአንድ ጊዜ አይዘጉትም። ስድስት ስድስት ቁራጭ ለየብቻ አጣብቀው ሁለት ግማሽ ክብ ይሠራሉ። ኮላው ሲደርቅ የግማሾቹን ጫፎች ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ብርጭቆ ወረቀት ላይ እየፈተጉ አንዱ በሌላው ላይ ብርሃን ሳያሳልፍ እስኪተኛ ያስተካክሏቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ይዘጉታል። በየቁርጡ የተጠራቀመው ጥቃቅን ስሕተት ሁሉ እነዚህ ሁለት መጋጠሚያዎች ላይ ይራገፋል።

የዚህ ሥራ ምልክት ሳህኑ ላይ አለ። የጥዱን ቀለበት ቁራጮች አንድ በአንድ ብትለኩ፣ ሁለቱ ግማሾች በተገናኙባቸው ቦታዎች ላይ ያሉት ከሌሎቹ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ያጥራሉ። ማስመሪያ ይዞ የመጣ ሰው ይህን ጉድለት ሊለው ይችላል። እኔ ግን ሠሪው ስሕተታቸውን የት እንዳራገፉ የሚያሳይ ምልክት አድርጌ አየዋለሁ። መጋጠሚያዎቹ ራሳቸው ጥፍር አያስገቡም።

ቀለበቶቹ ሲደራረቡ ግንበኛ ጡብ እንደሚደረድር ነው፤ የላይኛው መጋጠሚያ የታችኛው ቁራጭ መሐል ላይ ያርፋል። መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ ከገጠመ ስንጥቅ ከላይ እስከ ታች የሚወርድበት መንገድ ያገኛል። በዝግባውና በጥዱ መሐል ግን ይህ ልክ ትንሽ ስቷል፤ የጥዱ መጋጠሚያዎች ከመሐል ወደ ቀኝ ሸርተት ብለዋል። እርጥብ ኮላ ያንሸራትታል፤ ማሰሪያው ሲጠብቅ ቀለበቱ ዞሮ ይሆናል። ጥንካሬው ላይ ጉዳት የለውም። ግን አንዴ ካዩት በኋላ ዓይን ሁልጊዜ እዚያ ይመለሳል፤ ይህ የእጅ ፍጥነት ያመጣው ጥቃቅን እንከን ነው፣ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ተደራርቦ የደረቀው ነገር ቶርኖ ላይ ሲወጣ ገና ሳህን አይመስልም፤ ደረጃ ደረጃ ያለው፣ ማዕዘን የበዛበት ጉማጅ ነው። ቶርኖ ጥንታዊ መሣሪያ ነው። በግብፅ ቱና ኤል ገበል በሚገኘው የጴጦሲሪስ መቃብር ግድግዳ ላይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ፣ ሁለት ሰዎች ሲሠሩበት ተቀርጸው ይታያሉ፤ አንዱ ገመድ እየሳበ ያሽከረክራል፣ ሌላው ስለት ይዞ ይቀርጻል። ዛሬ የገመድ ሳቢውን ቦታ ሞተር ወስዶታል። የባለ ስለቱን ቦታ የወሰደ ግን የለም፤ ሙያው ሁሉ አሁንም በእሱ እጅ ነው።

ሳህኑ በደቂቃ 1,000 ጊዜ ሲዞር የከንፈሩ ጠርዝ በሰከንድ ከ13 ሜትር በላይ በስለቱ ፊት ያልፋል። ስለቱ ወደ እንጨቱ ዝም ብሎ አይገፋም። መጀመሪያ የተሞረደው ተዳፋት ጀርባው እንጨቱ ላይ ይደገፋል፤ ከዚያ እጀታው ቀስ ብሎ ሲነሣ ጫፉ መያዝ ይጀምራል። ድጋፉን ያጣ ስለት እንጨቱን ይነክሳል፤ ሲነክስ ደግሞ የብዙ ቀን ሥራ በአንድ ቅጽበት ተበትኖ ግድግዳ ይመታል። አራት ዓይነት እንጨት ያለበት ሳህን ከዚህም ይብሳል፤ ስለቱ ከለስላሳው ዋንዛ ወጥቶ ወይራው ላይ ሲደርስ የሚቋቋመው ኃይል በድንገት ይለወጣል። እጅ ያንን ለውጥ ሳይደነግጥ መቀበል አለበት።

አንድ ነገር ግን በቁራጭ የተገጣጠመውን ሳህን ይረዳዋል። ከአንድ ወፍራም ጣውላ በሚቀረጽ ሳህን ላይ ስለቱ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ የእንጨቱን ቃጫ ከጎኑ ያገኘዋል፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ከጫፉ። ጫፉን ሲያገኝ ቃጫው መቆረጡ ቀርቶ ይነቀላል፤ ለዚህ ነው እንዲህ ያሉ ሳህኖች ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ሻካራ ቦታዎች የሚኖሯቸው። እዚህ የእያንዳንዱ ቁራጭ ቃጫ ዙሪያውን ተከትሎ ስለሚተኛ ስለቱ ዙሩን ሙሉ ከጎኑ ይቆርጣል። የሳህኑ ውጭ ከሥር እስከ ከንፈር ልስልስ ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው።

ከአንድ ቦታ በስተቀር። ከታች ሁለተኛው የዋንዛ ቀለበት ውስጥ አንዱ ቁራጭ ጉጥ አለበት። ጉጡ ጠቆር ብሎ ክብ ነው፤ ቃጫው እሱን ዞሮ ያልፋል፣ በመታጠፊያው ላይ ደግሞ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል ሻካራ ቦታ ቀርታለች። ከተሠራው ሁሉ መሐል ይህችን አንዲት ቁራጭ መቀየር ቀላል እንደነበር ስለገባኝ አናጺውን ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ይህን ጉጥ ያለበትን ለምን አልቀየሩትም?»

«ነካ አድርጊው እስቲ» አሉኝ። በአውራ ጣቴ ገፋሁት፤ ንቅንቅ አላለም። «ሕያው ጉጥ ነው ልጄ። ዛፉ እያለ ቅርንጫፉም ሕያው ነበር፣ ከእንጨቱ ጋር አንድ ሆኗል። የሞተ ጉጥ ቢሆን ዙሪያው ጥቁር ቅርፊት ይኖረው ነበር፤ ሲደርቅ ይላቀቅና ይወድቃል፤ ያንን አላስገባም። ይኸኛው ግን ምን አደረገኝ ብዬ ልጣለው?»

መልሳቸው ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው የጉጥን ጤንነት ማወቅ ነው፤ ይህ ዕውቀት ነው። ሁለተኛው ጤነኛውን ጉጥ አለመጣል ነው፤ ይህ ደግሞ ውሳኔ ነው። ዕውቀቱ ሳይኖር ውሳኔው ብቻ ቢኖር ኖሮ ግድየለሽነት ይሆን ነበር። የተነቀለችውን ሻካራ ቦታ ብርጭቆ ወረቀት እየደጋገሙ ሊያጠፏት ይችሉ ነበር፤ ግን እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ብዙ ቢፈትጉ ሳህኑ ጎድጎድ ይልና ክብነቱን ያጣል። ከሁለቱ ጉዳቶች ትንሹን መረጡ።

ዓይን የማያየውን ደግሞ ጣት ያገኘዋል። አውራ ጣትን በሳህኑ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ከሥር ወደ ላይ በቀስታ ሲያስኬዱ፣ ወገቡ ላይ እጅግ ቀጭን ከፍታ ይሰማል። የወይራው ቀለበት ከጎረቤቶቹ ከፍ ብሎ ቀርቷል። ምክንያቱ ብርጭቆ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ለስላሳውን ዋንዛና ዝግባ ቶሎ ይበላል፣ ወይራውን ግን እምብዛም አይነካውም፤ እየተፈተገ በሄደ ቁጥር ጠንካራው ከፍ እያለ፣ ለስላሳው እየሰረጎደ ይሄዳል። ለዚህ መድኃኒቱ ቅርጹን በስለት ጨርሶ ወረቀቱን ለመጨረሻው ልስላሴ ብቻ መጠቀም ነው።

የሳህኑን ውጭ ስትዳስሱት ከፍታው የለም። እዚያ የመጨረሻው ቁርጥ አዲስ በተሳለ ስለት የተሠራ ነው። ውስጡ ላይ ግን ስለቱ ከመደገፊያው ርቆ ወደ ጥልቀቱ ይገባል፤ በራቀ መጠን ይንቀጠቀጣል፣ የንቅጥቅጡን ምልክት ለማጥፋት ደግሞ ወረቀት ያስፈልጋል። ስለዚህ አንድ ጣት፣ ሠሪው ባይናገሩም፣ ሥራው የቀለለበትንና የከበደበትን ቦታ ለይቶ ያነባል። በዝግባው ላይኛ ጠርዝ ላይ የሚታየው ፈዛዛ ቅላትም የዚሁ ፍትጊያ ውጤት ነው፤ የጥዱ ቀይ ብናኝ ወደ ነጣው እንጨት ቀዳዳዎች ገብቶ ቀርቷል።

አሁን ሳህኑን ገልብጡት። ክቡ መቀመጫ ላይ ከዳር ተነሥቶ ወደ መሐል የሚሄድ ስንጥቅ አለ፤ ስንጥቁን ሦስት የመዳብ ስፌቶች ይሻገሩታል። ይህ እንከን ሳህኑ ሲሠራ አልነበረም፤ ቀጥሎ የመጣው በጋ ያመጣው ነው።

እንጨት ከተቆረጠም በኋላ ከአየር ጋር እርጥበት መቀባበሉን አይተውም። የእርጥበት መጠኑ ከ30 በመቶ ገደማ ሲወርድ መኮማተር ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ ከአየሩ ጋር እየሰፋ እየጠበበ ይኖራል። ይህ ግን በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በቁመቱ መለወጡ ከቁጥር የማይገባ ያህል ትንሽ ነው። በወርዱ ግን ይለወጣል፤ የዕድገት ቀለበቱን ተከትሎ ሲለካ ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ ሲለካ ከሚሆነው እጥፍ ገደማ። እንግዲህ መቀመጫው አንድ ወጥ ሰሌዳ ነው፣ በወርዱ ይጠብባል። በላዩ ያለው ቀለበት ግን ቃጫው ዙሪያውን የሚሄድ ስለሆነ ስፋቱን ይዞ ይቆማል። ሁለቱ በኮላ ተያይዘዋል። የበጋው ደረቅ አየር መቀመጫውን ሲያኮማትረው ቀለበቱ አልከተል አለ፤ ሰሌዳው በቃጫው መስመር ተከፈተ።

አናጺው ይህ ሊመጣ እንደሚችል ያውቁ ነበር። መቀመጫውን ከ12 ሳንቲ ሜትር ያላሳለፉት ለዚህ ነው፤ ሰሌዳው ባነሰ መጠን መኮማተሩም ያንሳል። ስንጥቁ ሲመጣ ደግሞ በሁለት ወገን ጥቃቅን ቀዳዳ በስተው ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ በወጣ የመዳብ ሽቦ ሰፉት። ስንጥቁን ራሱን በስቱኮ አልሞሉትም። በበጋ የተሞላ ስንጥቅ በክረምት መዘጊያ ያጣል። ዝናቡ ሲመጣ እንጨቱ ይሰፋና ደረቁን መሙያ ይገፋል፣ ገፍቶ ካልቻለ በሌላ በኩል ይሰነጠቃል። ስፌቱ ግን ስንጥቁ ከዚያ በላይ እንዳይሮጥ ይይዘዋል፣ ከወቅቱ ጋር ለመላወስ ደግሞ ፈቃድ ይተውለታል። ሐምሌ ላይ ስንጥቁ ፀጉር ያህል ይቀጥናል፤ ጥር ላይ እንደገና ይታያል።

ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በየገዳማቱና በየአብያተ ክርስቲያኑ ያሉትን የብራና መጻሕፍት ያየ ሰው ያውቀዋል። ገበታው ሲሰነጠቅ በሁለት ወገን ይበሳና በክር ወይም በጅማት ይሰፋል፤ ስፌቱ ከመጽሐፉ ጋር ይኖራል። ብራናው ራሱ ሲፋቅ ወይም ሲወጠር ቀዳዳ ቢወጣበት በስፌት ይያዛል፣ አንዳንዱም እንዳለ ይቀራል፤ ጸሐፊው ቀዳዳው ጋ ሲደርስ ፊደሉን አቁሞ ከማዶ ይቀጥላል። አንባቢውም ዓይኑን አሻግሮ ያነባል። ቆዳው የመጣው ከአንድ ፍየል ወይም በግ ነው፤ ያ ፍየል እሾህ ወግቶት ይሆናል፣ ቢላዋ ስቶ ይሆናል። ጸሐፊው ቁም ጽሕፈቱን በማያወላውል መስመር እየጣለ ቀዳዳውን ግን አይደብቅም። የፊደሉ ጥራትና የቀዳዳው መታየት በአንድ ገጽ ላይ አብረው ይኖራሉ። ይህን ሳህን የሠራው እጅ ከዚያ ወግ የወጣ ነው ብዬ አምናለሁ።

ግን ሁሉም እንከን እንዲህ የሚከበር አይደለም። ከከንፈሩ ሥር፣ በውስጥ በኩል፣ ዋንዛው ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል የደበዘዘ ነጠብጣብ አለ። ሳህኑ በተልባ ዘይትና በሰም ነው የታሸው። የተልባ ዘይት ውኃ እንደሚተን ተንኖ አይደርቅም፤ እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ይጠነክራል፤ የእንጨቱን ቀለም የሚያጠልቀውም እሱ ነው። ያ ቦታ ላይ ግን ዘይቱ አልገባም። ከወይራው ከንፈር ላይ የተነሣች ስንጥር መልሰው ሲለጥፉ ኮላ ፈሶ ዋንዛው ጠጥቶታል፤ ኮላ የጠጣ እንጨት ዘይት አይጠጣም።

«እሱ ጥፋት ነው» አሉ አናጺው፣ እኔ ሳላነሣው። «ኮላው እርጥብ ሳለ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነበረብኝ። ፍቄ ላስተካክለው ብል ከንፈሩ ይሳሳል።» ስለ ጉጡ ሲናገሩ የነበረው ኩራት በዚህ ላይ አልነበረም፤ ማመካኛም አላቀረቡ። ጉጡን፣ ስፌቱንና ነጠብጣቡን በአንድ ሚዛን አልመዘኗቸውም። ለእኔ የሙያቸው ትልቁ ማረጋገጫ ይህ ነው፤ የትኛው እንከን የእንጨቱ መብት እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ የእሳቸው ዕዳ እንደሆነ ያውቃሉ።

ይህን የምጽፈው ገበያው ሌላ ነገር እያስተማረ ስለሆነ ነው። የቤት ዕቃ ልንገዛ ስንሄድ ብዙዎቻችን የምንጠይቀው ብልጭልጩን ነው። ጉጥ ካየን ዋጋ እናስቀንሳለን፤ መጋጠሚያ ከታየን ፊታችንን እናዞራለን። ሠሪውም ይማራል። ጉጡን በስቱኮ ይሞላዋል፣ የተለያየውን እንጨት በቀለም አንድ ያደርገዋል፣ ላዩን በወፍራም ቫርኒሽ ይሸፍነዋል። ከዚያ በኋላ ጥሩውን አናጺ ከመጥፎው የምንለይበት ነገር አይኖርም፤ ቫርኒሹ ለሁለቱም እኩል ያበራል። የሚጎዳው ጥሩው ነው፤ 24ቱን ጫፍ አጥርቶ የቆረጠበትን ድካም ማንም አያይለትም። የዋንዛውን ቁራጭ ከማገዶ ያዳነበት ዓይኑም ዋጋ አያገኝም።

እንዲህ ያለ ዕቃ ልትገዙ ስትሄዱ ገልብጣችሁ እዩት፤ ሠሪ የሚሸሽገው ነገር ካለ ሥሩ ላይ ነው። መጋጠሚያዎቹን በጥፍራችሁ ፈትሹ፤ ጥፍር የሚገባ ከሆነ ውኃም ይገባል። ውስጡን በአውራ ጣት ዳስሱት። ጉጥ ካለው ገፋ አድርጉት። ስንጥቅ ካለው እንዴት እንደተያዘ ጠይቁ፤ መልስ ያለው ሠሪ ይመልስላችኋል። ቤት ስትወስዱትም ውኃ ውስጥ አትዘፍዝፉት፣ ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ አጥባችሁ ወዲያው አድርቁት፣ ሲደበዝዝ ዘይት አብሱት። ስንጥቅና ጉጥ ኖሮት ምክንያቱን የሚያስረዳ ባለሙያ ካገኛችሁ ደግሞ በእንከኑ ዋጋ አታስቀንሱት። የምትከፍሉት ለእንጨቱ ብቻ አይደለም፤ ያንን ምክንያት ለማወቅ ለወሰደበት ዕድሜም ነው።